ከስልጠናው በፊትና በኋላ፦ ለመርጡለ ማርያምና ለአካባቢዋ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች

መርጡለ ማርያም፣ ግንደወይን፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ የትምህርት ቤት፣ የኮሌጅ ወይም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቁልፍ በእጅዎ ካለ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። ቁልፉ ሲሰጥዎ ሙያው አብሮ አልተሰጠዎት ይሆናል። በየወረዳው ቤተ መጻሕፍት የሚመደበው ሰው ብዙ ጊዜ የክፍለ ጊዜ ጭነቱ የቀነሰ መምህር ወይም ከሌላ የሥራ ክፍል የተዛወረ ሠራተኛ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጅማና ጎንደርን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ይሰጣሉ። ተመራቂው ግን ወደ ወረዳ ከተማ እምብዛም አይወርድም። ስለዚህ የሁለትና የሦስት ቀን ስልጠና፣ ዐውደ ጥናት፣ አልፎ አልፎም ጉባኤ፣ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ዋናው ትምህርት ቤት ነው።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። ሰው ሠልጥኖ ይመለሳል፣ የምስክር ወረቀቱ ከግል ማኅደሩ ጋር ይያያዛል፣ መደርደሪያው ግን እንደነበረ ይቀራል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ይህ እንዳይደርስ የታሰቡ ናቸው። የአዲስ አበባውም ሆነ የባሕር ዳሩ ስልጠና ፍሬ የሚያፈራው እዚሁ፣ በራሳችሁ መደርደሪያ ፊት፣ በራሳችሁ መጻሕፍት በሚደረግ አነስተኛ ዐውደ ጥናት ሲቋጭ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፦ ጥያቄ ይዘው ይነሡ

የስልጠና ጥሪ ከመምጣቱ በፊት አንድ ደብተር ይክፈቱ። ለሁለት ሳምንት ያህል አንባቢ ጠይቆ ያላገኘውን፣ እርስዎም መኖሩን እያወቁ ፈልገው ያጡትን መጽሐፍ ሁሉ ይመዝግቡ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ተደጋግሞ የሚመጣ ችግር ዓይንዎ ላይ ይወድቃል። ይዘው የሚሄዱት ጥያቄ እሱ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። የጎጃሙ ሰው ሀዲስ ዓለማየሁ የጻፉት «ፍቅር እስከ መቃብር» የማይገኝበት ቤተ መጻሕፍት እዚህ አካባቢ ይኖራል ብዬ አላስብም። መጽሐፉ የት ተመዝግቧል? አንዱ መዝጋቢ የፈረንጅ ልማድ ተከትሎ የአባትን ስም ያስቀድምና «ዓለማየሁ» ሥር ያስገባዋል። ሌላው «ሀዲስ» ይላል፤ ሦስተኛው በ«ሐ» ይጽፈዋል፤ ዓለማየሁንም አንዱ በዐይኑ ዐ፣ አንዱ በአልፋው አ ይጀምረዋል። የኅትመት ዘመኑን አንዱ 1958 ሲል ሌላው 1966 ይላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ የዘመን አቆጣጠሩን ግን ያመለከተ የለም። እንዲህ ሆኖ አንድ ቤት ውስጥ ያሉ አምስት ቅጂዎች አምስት የተለያዩ መጻሕፍት መስለው ይቀመጣሉ፤ ተማሪው መጥቶ ሲጠይቅም «የለም» ይባላል።

ለዚህ ችግር የታወቀ መልስ አለ፤ ሠልጣኙ ካልጠየቀ ግን አሠልጣኙ ላያነሣው ይችላል። የኢትዮጵያዊ ስም በራሱ በባለቤቱ ስም ይጀምራል፤ ሀዲስ ዓለማየሁ ማለት ሀዲስ የዓለማየሁ ልጅ ማለት ነውና። ኮሃን በመሰለ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ላይ የደራሲ ስም የሚገባው በመስክ ቁጥር 100 ነው። የመስኩ የመጀመሪያ አመልካች 1 ከሆነ ኮምፒውተሩ ቀድሞ የተጻፈውን የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስደዋል፤ 0 ከሆነ በራስ ስም የሚጀምር መሆኑን ይረዳል። ለኢትዮጵያውያን ደራስያን 0 ይምረጡ። የሀ፣ የሐ እና የኀ፣ የሰ እና የሠ፣ የአ እና የዐ፣ የጸ እና የፀ ጉዳይ ደግሞ ቤቱ አንድ ሕግ አውጥቶ በግድግዳው ላይ መለጠፍ ያለበት ነገር ነው፤ አንዱን አጻጻፍ ዋና ያደርጉና ከሌሎቹ ወደ እሱ የሚመራ ማመላከቻ ያስገባሉ። ኮምፒውተር የሌለው ቤት ይህንኑ በካርድ ወይም በመዝገብ ሊሠራው ይችላል።

ጥያቄው የግድ ይህ መሆን የለበትም። የእርስዎ ችግር ብል፣ እርጥበት፣ የጠፉ የመማሪያ መጻሕፍት ወይም በዲዊ አመዳደብ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍን ከውጭ ሥነ ጽሑፍ መለየት ሊሆን ይችላል። (የመጨረሻው ከሆነ፦ የአማርኛ ቋንቋ 492.87፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ናቸው፤ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች መያዝ ብቻ ብዙ መደርደሪያ ያቃናል።) ዋናው ነገር ጥያቄው አንድ ይሁን፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፣ ማስረጃውም አብሮ ይያዝ፦ ያስቸገረዎት መጽሐፍ የርዕስ ገጽ ፎቶ፣ የመዝገቡ አንድ ቅጠል ፎቶ።

ሁለተኛ፦ ጥሪው የሚያልፍበትን መንገድ ይወቁ

በአገር ደረጃ ዋናው አድራሻ ወመዘክር ነው። በ1936 ዓ.ም. በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትነት የተከፈተው ይህ ተቋም በአዋጅ 179/1991 ተጠናክሮ ተቋቁሟል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ይባላል። የክልል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን በመጻሕፍትና በስልጠና ይደግፋል። ጥሪው ግን በቀጥታ ወደ እርስዎ አይመጣም። ከክልል ቢሮ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ዞን መምሪያ፣ ከመምሪያው ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይወርዳል፤ ከሦስቱ በአንዱ ጠረጴዛ ላይ ቢያድር ቀኑ ያልፋል። ስለዚህ ጥሪ አይጠብቁ፤ ደብዳቤ ያስቀድሙ። የቤተ መጻሕፍቱን ስም፣ የመጻሕፍቱን ብዛት፣ የአንባቢውን ዓይነትና ያችን አንዲት ጥያቄ የያዘ የአንድ ገጽ ደብዳቤ በእነብሴ ሳር ምድር፣ በእነማይ፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወይም በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ በኩል ይላኩ፤ ግልባጩን ለወመዘክር ያድርጉ። የትምህርት ቤት ከሆኑ መንገዱ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከሆኑ በባህልና ቱሪዝም።

ከመንግሥት ውጪ ኮድ ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል ድርጅት ለዓመታት የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍትን በየገጠር ከተማው አቋቁሟል፤ የሚያንቀሳቅሷቸውንም ሰዎች ያሠለጥናል። ለልጆች ቤተ መጻሕፍት የሚያስቡ ከሆነ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠርተው ወደ አገራቸው የተመለሱት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስ የሠራውን ማየት ይጠቅማል፤ በአዋሳ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች ሄደዋል፤ የእኛ አገር መንገድም ይህን የሚጠላ አይደለም።

ቅርብ ያሉት ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ሁለቱም የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍል አላቸው፤ ይህ ክፍል በየዓመቱ የሚሠራውን ሥራ ማቀድ አለበት። ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ዳይሬክተር «ሁለት ባለሙያ ለአንድ ቀን ይላኩልን» ብሎ መጻፍ «አሠልጥኑን» ከማለት ይልቅ ቶሎ መልስ ያገኛል፤ የሚጠየቀው ሰውና ቀን ተለይቶ ተቀምጧልና።

ከአገር ውጪ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1927 የተመሠረተ ሲሆን ጉባኤው ወደ አፍሪካ መጥቶ ያውቃል፤ በ1984 ናይሮቢ፣ በ2007 ደርባን፣ በ2015 ኬፕታውን ተካሂዷል። መቀመጫውን አክራ ያደረገው የአፍሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር፣ አፍሊያ፣ ለእኛ የበለጠ ይቀርባል፤ በኢንተርኔት የሚሰጣቸው ኮርሶችም አሉት። ከእነዚህ የሚመጣ ግብዣ ከደረሰዎት በመጀመሪያ በተቋሙ ድረ ገጽ መኖሩን ያረጋግጡ። በኢሜይል መጥቶ «ቪዛና ሆቴል እንጨርስልዎታለን፤ መመዝገቢያውን ዛሬ ይላኩ» የሚል ጥሪ ሲያዩ ገንዘብ አይላኩ፤ ባለሙያ እየመሰሉ የሚያታልሉ አሉ።

ሦስተኛ፦ ሐምሌ ሳይገባ በጀት ያስይዙ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በግንቦት እቅድ ሲሰበሰብ «የሙያ ማሻሻያ፦ አንድ ሰው፣ ሦስት ቀን፣ ትራንስፖርትና ውሎ አበል» የሚል መስመር ካላስገቡ በኅዳር ጥሪ ቢመጣ «በጀት የለም» የሚለው መልስ እውነት ነው። መምህር ከሆኑ አንድ ተጨማሪ መንገድ አለዎት። መምህራን በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ፣ ማለትም ተሙማ፣ እንዲሠሩ ይጠበቃል፤ የቤተ መጻሕፍት ስልጠናዎን በዚሁ እቅድ ውስጥ ያስገቡት። ርእሰ መምህሩ ከፈረመበት ከሥራ ገበታዎ የቀሩበት ቀን ሳይሆን የሠሩበት ቀን ሆኖ ይቆጠርልዎታል።

ስለ አበል በግልጽ መነጋገር ይገባል። ደመወዙ ትንሽ ለሆነ ሰው አበሉ ቁም ነገር ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ሆኖም ስልጠናው ተራው ለደረሰ ሰው ሲሰጥ፣ በቤተ መጻሕፍቱ የማይሠራ ሰው ሄዶ ይመለሳል። ኃላፊዎን ከአሁኑ ያነጋግሩ፦ የቤተ መጻሕፍት ስልጠና የሚገባው ለቁልፉ ባለቤት ነው፤ ሌላ ሰው ከሄደ ቢያንስ ተመልሶ አንድ ቀን ከእርስዎ ጋር መደርደሪያው ፊት ይሥራ።

ጉዞው ራሱ እቅድ ይፈልጋል። ከመርጡለ ማርያም ወደ አዲስ አበባ በግንደወይን፣ በቢቸናና በደጀን አድርጎ ዓባይን መሻገር ነው፤ ወደ ባሕር ዳር በሞጣ በኩል። ባለፉት ዓመታት መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳያረጋግጡ መነሣት አልተቻለም፤ ከስልጠናው አንድ ቀን ቀድሞ መድረስም የማያስመርጥ ነው። አዘጋጆቹን ይህን ነግረው የአንድ ሌሊት ተጨማሪ አበል ይጠይቁ።

አራተኛ፦ አዳራሹ ውስጥ

ከፊት ይቀመጡ። የመጀመሪያውን ቀን ሻይ ሰዓት ለአንድ ሰው ይስጡት፦ ከእርስዎ ጋር በሚመሳሰል ቤተ መጻሕፍት የሚሠራ፣ ከሌላ ዞን የመጣ። የዩኒቨርሲቲው ባለሙያ በአንድ ሺህ ኮምፒውተር የሚሠራውን ይነግርዎታል፤ ከደብረ ታቦር ወይም ከመካነ ሰላም የመጣው ሰው ግን መብራት በሌለበት ቀን ምን እንደሚያደርግ ይነግርዎታል። ስልኩን ይያዙ።

ጥያቄዎን በውይይቱ ላይ ያንሡት፤ መልሱን ካላገኙ በምሳ ሰዓት አሠልጣኙን ይያዙና ፎቶዎቹን ያሳዩት። በቃል ብቻ አይጠይቁ፦ ሀዲስ ዓለማየሁን ከነካርዱ አሳይተው «ይህን መጽሐፍ እንዴት ልመዝግበው?» ይበሉ፤ አሠልጣኙም በራሱ እጅ ጽፎ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። የጻፈውን ፎቶ ያንሡ። ስላይዶቹን በፍላሽ ይውሰዱ፤ «በኢሜይል እንልክላችኋለን» የሚለውን ቃል ተማምነው አይውጡ።

ማታ ማታ የቀኑን ማስታወሻ በሁለት ክፍል ይጻፉ። በአንደኛው ሰኞ ጠዋት ብር ሳይወጣ ሊሠሩት የሚችሉትን፣ በሁለተኛው ገንዘብ ወይም ፈቃድ የሚፈልገውን። ሁለተኛው ክፍል ለኃላፊዎ የሚቀርብ ነው፤ አንደኛውን ማንንም ሳያስፈቅዱ ይጀምሩት።

አምስተኛ፦ መሄድ ካልተቻለ

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ የለም። ስለዚህ በኢንተርኔት መማርን ስናቅድ መቋረጡን እንደ ልዩ አጋጣሚ ማየት አይቻልም። መስመር በሚኖርበት ጊዜ ማውረድ፣ በማይኖርበት ጊዜ ማንበብ ነው። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሙሉ ውክፔዲያን በአንድ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ ኮሊብሪ ደግሞ የትምህርት ቪዲዮና መልመጃዎችን በትምህርት ቤት ውስጥ መረብ ያሠራጫል። ሁለቱንም ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሲሄዱ ፈጣን መስመር ካለበት ቦታ ጭነው ይመለሱ።

በመርጡለ ማርያም የግብርና ኮሌጅ የሚሠራ ባልደረባ ሪሰርች ፎር ላይፍን ማወቅ አለበት፤ በግብርናና በጤና ዓለም አቀፍ መጽሔቶችን ለኢትዮጵያ ተቋማት ያለ ክፍያ የሚከፍት መርሐ ግብር ነው፤ የግብርናው ክፍል አጎራ፣ የጤናው ሂናሪ ይባላሉ። ተቋሙ በስሙ መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባውንም የሚያደርገው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነው። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የወጣው የክፍት ተደራሽነት ብሔራዊ ፖሊሲ ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል፤ በአካባቢያችሁ ስለ ጤፍና ስለ ስንዴ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ገበሬው ልጅ እንዲመለስ መጠየቅ መብታችሁ ነው ማለት ነው።

አፍሊያ ከግንቦት 16 እስከ 22 የአፍሪካ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ሳምንትን ያዘጋጃል፤ ባለሙያዎች በውክፔዲያ ጽሑፎች ላይ ከመጻሕፍት የተገኘ ማስረጃ ይጨምራሉ። አንድ መስመር ማስረጃ ማስገባት ራሱ ስለ ምንጭ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ስለ መርጡለ ማርያም የተጻፈውን በእጅዎ ካሉት መጻሕፍት ማረምን ደግሞ ከእናንተ የተሻለ የሚሠራው የለም።

ስድስተኛ፦ ዐውደ ጥናቱን ወደ አገር ቤት ማምጣት

ከስልጠና በተመለሱ በአንድ ወር ውስጥ የአንድ ቀን ዐውደ ጥናት ያዘጋጁ። ቦታው የጉድኝት ማዕከሉ ትምህርት ቤት ይሁን፤ ጠረጴዛና ወንበር አለው፣ ሱፐርቫይዘሩም መምህራኑን በደብዳቤ ሊጠራ ይችላል። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሰው ይበቃል። ቀኑን ሲመርጡ ወር በገባ በ21 አይቅጠሩ፤ በመርጡለ ማርያም ከተማ በማርያም ቀን ሰው አይገኝም። ክረምቱንና የፈተና ሳምንትን ይተዉ፤ ከመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና በኋላ ያለው የዕረፍት ጊዜ ይመቻል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ምሳው የጾም ነው፤ እሱም ወጪውን ያቀልላል።

የጥሪ ደብዳቤው ላይ አንድ ትእዛዝ ይኑር፦ እያንዳንዱ ሰው አሥር መጻሕፍትና የቤቱን መዝገብ ይዞ ይምጣ፤ ከአሥሩ ሦስቱ የተቀደዱ ይሁኑ። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ንግግር ሰምቶ ይሄዳል።

ጠዋቱ ለምዝገባ ነው። ሁሉም ሰው ሳይነጋገር ያንኑ አንድ መጽሐፍ በየራሱ ይመዝግብ፤ ከዚያ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ልዩነቱ በዓይን ሲታይ የስምና የሆሄያት ሕግ ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አይቸግርም። ሕጉን እዚያው አብራችሁ ተስማሙበት፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ሁሉም ይፈርም። ሞጣና ቢቸና አንድ ሕግ ከተከተሉ ነገ የጋራ ዝርዝር ማውጣትና መጽሐፍ መዋዋስ ይቻላል።

ከሰዓት በኋላው ለጥገና ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ አይቆጥቡ። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አይለጠፍ፤ ፕላስተሩ በጥቂት ዓመት ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫው ወደ ወረቀቱ ይገባል፣ ሲላቀቅም ጽሑፉን ይዞ ይሄዳል። በምትኩ የስንዴ ስታርች ሙጫ ይሥሩ። አንድ እጅ ስታርች በአራት ወይም አምስት እጅ ውኃ ይበጥብጡና በዝቅተኛ እሳት ሳያቋርጡ እያማሰሉ ያብስሉት፤ ነጭነቱ ለቆ ግልጽነት ሲያሳይ ያውርዱት፣ ሲበርድ በወንፊት ያሳልፉት። ስስ ነጭ ወረቀት በጣት ቀድደው (በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ገጹን ይሰብራል) በጣም ስስ ሙጫ ቀብተው ስንጥቁ ላይ ያኑሩ፤ ከላይና ከታች ሰም የተቀባ ወረቀት ያድርጉ፣ ከባድ ነገር ጭነው እስኪደርቅ ያሳድሩት። ሙጫው በጥቂት ቀን ስለሚበላሽ በጥቂቱ ይሠራ፤ ወፍራም ሙጫ ብልን ይጋብዛል።

ለጥራዙ ግን አሠልጣኙ የግድ ከሩቅ መምጣት የለበትም። ይህ አገር ብራና የሚፍቁ፣ የሚጽፉና የሚጠርዙ ሰዎች የኖሩበት አካባቢ ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ሩቅ አይደሉም። ከአድባራቱ አንድ ጠራዥ ይጋብዙ፤ እንደማንኛውም አሠልጣኝ አበል ይከፈላቸው፣ በመምህርነታቸውም ይከበሩ። ክሩ ከጥራዝ ወደ ጥራዝ እንዴት እንደሚያያዝ፣ መጽሐፉ ሲገለጥ ጀርባው ለምን እንደማይሰበር በወስፌና በጥጥ ክር ያሳያሉ። ይህ ስፌት ለተላቀቀ የመማሪያ መጽሐፍም ይሠራል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ። የመርጡለ ማርያም ገዳም፣ እቴጌ ዕሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያሳነፁት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ያለበት፣ በዕቃ ቤቱ የከበሩ ቅርሶች አሉት። የብራና መጻሕፍቱ የዐውደ ጥናት መለማመጃ አይሆኑም። ቅርስ በአዋጅ 209/1992 የተጠበቀ ነው፤ ሙጫም፣ መርፌም፣ ካሜራም ያለ ገዳሙና ያለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ አይነካውም። ቤተ መጻሕፍታችሁ ለገዳሙ ሊሰጥ የሚችለው ሌላ ነገር አለ፤ የመዝገብ አያያዝ ትምህርት። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጧል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በስደት ሆነው ብዙውን ዘመናቸውን የእነዚህን ዝርዝር በማዘጋጀት አሳልፈዋል። ቁመቱ፣ ወርዱ፣ የቅጠሉ ብዛት፣ በማን ዘመን እንደተጻፈ፣ በመጨረሻው ቅጠል የተጻፈ ማስታወሻ፦ እነዚህ ሲመዘገቡ የጠፋ መጽሐፍ የማን እንደሆነ ማስረዳት ይቻላል። ቄሰ ገበዙን ጋብዘው በአንድ የታተመ መጽሐፍ ላይ አሠራሩን አብራችሁ ተለማመዱ፤ በዕቃ ቤቱ የሚሠራበትን እሳቸው ይወስኑ።

ከመለያየታችሁ በፊት እያንዳንዱ ሰው በሦስት ወር ውስጥ የሚሠራውን አንድ ሥራ በቃለ ጉባኤው ላይ ያስመዝግብ፤ «የአማርኛ ልብ ወለዶችን ሁሉ በአዲሱ ሕግ እመዘግባለሁ» ወይም «ሠላሳ መጽሐፍ እሰፋለሁ» የሚል፣ የሚቆጠር ነገር። የቴሌግራም ቡድን ይክፈቱ፤ መስመር በሚጠፋበት ጊዜ ግን የስልክ ቁጥሮቹ በወረቀት ለሁሉም መድረሳቸውን ያረጋግጡ። ለኃላፊዎ የሚያስገቡት ሪፖርት ሁለት ገጽ ይሁን፦ በመጀመሪያው የተሠራው፣ በሁለተኛው ከማስታወሻዎ ሁለተኛ ክፍል የሚፈልጉት ከነዋጋው። ሦስቱ ወር ሲሞላ ከሞጣ አንድ ሰው ወደ መርጡለ ማርያም፣ ከመርጡለ ማርያም አንድ ሰው ወደ ቢቸና ሄዶ መደርደሪያውን በዓይኑ ይይ፤ የቀረውን ሥራም አብሮ ይሥራ። ቀጣዩን ዐውደ ጥናት የሚያስተናግደው ማን እንደሆነና ቀኑን እዚያው ወስናችሁ ለሁሉም ወረዳዎች በአንድ ደብዳቤ አሳውቁ።